የአልጋ ድልድል

«አይሆንም ካልኩህ አይሆንም» አለ ሩፈስ። «ስንት ጊዜ ልንገርህ?»

«አንተ ማን ሆነህ ነው የምትከለክለኝ? አባቴ ነህ?»

«አባትህ ብሆንማ በቀበቶ ነበር የማስረዳህ።»

ሩፈስ ታልበርት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁለት እግሮቹን በረዶ በሞላው ባልዲ ውስጥ ነክሯል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ጉልበቶቹ ከልምምድ በኋላ ስለሚያብጡ በየቀኑ ሳይነክራቸው አይውልም። ስለማይጠጣና ስለማይሳደብ ዲያቆን ይሉታል። ኤሊስ ብራክስተን በሩ ላይ ተደግፎ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ይበላል፤ ቅርፊቱን የሚጥለው በእኔ ጫማ ውስጥ ነው። ኤሊስ የቡድኑ ኮከብ ስለሆነ የፈለገው ቦታ መጣል ይችላል።

እ.ኤ.አ. 1963፣ የአሜሪካው ፕሬዝዳንት የተገደሉበት ዓመት መኸር ነው፤ ከመገደላቸው አንድ ወር ቀደም ብሎ። ኦሃዮ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ በአንድ ኮሌጅ አዳሪ ቤት ሆነን ለቅርጫት ኳስ ውድድሩ እንዘጋጅ ነበር። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ገና አዲስ ገቢ ነኝ። የተጣላነው በአልጋ ነው።

ዴል ሆፍማን የሚባል ነጭ ልጅ አለ። አዮዋ ኮሌጅ ሳለን ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ኖረናል። የዚያን ዕለት እሁድ ጠዋት ከቁርስ ስንወጣ፣ «ዌንደል፣ ስታን የአልጋ ድልድሉን ሳያወጣ እኔና አንተን አንድ ላይ እንዲጽፈን ልንገረው?» አለኝ። ስታን ወጌሻችን ነው። ቁርጭምጭሚት ይጠቀልላል፣ ሻንጣ ይጭናል፣ ሆቴል ይይዛል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚተኛም የሚጽፈው እሱ ነው። እኔም፣ «ቆይ፣ ላስብበት» አልኩት። ከዚያ መጥቼ ለሩፈስ ነገርኩት።

«ዴል ጥሩ ልጅ ነው» አልኩ። «ካልሲውን ሳይቀር አውቀዋለሁ።»

«ስለ ካልሲው ማን ጠየቀህ? ኮሌጅ ሌላ ነው፤ እዚህ ሌላ ነው። እኔ እዚህ ቡድን ስገባ ብቻዬን ነበርኩ። ሌሎቹ ሆቴል ሲገቡ እኔ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ወደ ጥቁሮች ሰፈር። አንዱ ከተማ ላይ የማድረው ሬሳ ገናዥ ቤት ነበር። እነሱ ከታች ይገንዛሉ፤ እኔ ከላይ እተኛለሁ።»

«ጎረቤቶችህ ግን አይረብሹም ነበር» አለ ኤሊስ።

ሩፈስ አልሳቀም። «በሁለተኛው ዓመት ሌላ ጥቁር አመጡ። ያኔ ነው ሆቴል የገባሁት። ለምን? ክፍሉ ውስጥ ባለው ሁለተኛ አልጋ ላይ የሚተኛ ሰው ስለተገኘ። በአምስተኛው ዓመት አራት ሆንን። ሦስት የሆንንበት ዓመት አለ? ኤሊስ፣ አለ?»

«የለም። ኖኅ እንኳ እነዚህን ያህል አልተጠነቀቀም። ጥንድ ጥንድ ሆነን ነው የምንሳፈረው።»

«እኔ ታዲያ ይህን ልማድ እንስበረው ነው የምለው» አልኩ። «ዴል ራሱ ነው የጠየቀኝ። እኔ አልለመንኩትም።»

«ስበረዋ። የቡድኑ ባለቤት በየሳምንቱ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ትኬት የሚገዙት ሰዎች 'ጥቁሮቹ በዙብን' እያሉ ይጽፉለታል። አሁን ደግሞ ስሙ እንኳ ገና ያልታወቀ አንድ ጥቁር ልጅ መጥቶ ከነጭ ጋር ልተኛ ይላል። ነገር ከተነሳ ማንን የሚያባርሩ ይመስልሃል? ዴልን?» እግሮቹን ከባልዲው አወጣና ፎጣ ላይ አሳረፋቸው። «ዓርብ ዝርዝሩ እስኪለጠፍ ድረስ ምንም ነገር አትሁን። ማንም ስለ አንተ እንዳያስብ። ስምህ ሲጻፍ ያኔ የፈለግከውን ሁን።»

ለእኔ ብሎ ነው የተናገረው። ያን ጊዜም አውቀው ነበር፤ ዛሬም አውቀዋለሁ።

ቡድናችን ውስጥ ማንንም ጠርቶ «ተቀንሰሃል» የሚል የለም። በልምምዱ የመጨረሻ ቀን ስታን ለመጀመሪያው ጉዞ የአልጋ ድልድሉን ምግብ ቤቱ ውስጥ ከሻይ ማፍያው በላይ ይለጥፈዋል። አሥራ አንድ ስሞች፣ ሁለት ሁለት ሆነው። ስምህን ካገኘህ ጉዞ አለህ። ካጣኸው ሻንጣህን ይዘህ ትወጣለህ፤ አሰልጣኙም የዚያን ጠዋት አይታይም።

ማታ እራት ላይ ዴል ትሪውን ይዞ ወደ ጠረጴዛችን መጣ። «እሺ፣ ለስታን ልንገረው?» አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ማኘኩን አቆመ። ከነጮቹም ጠረጴዛ ሁለት ሦስቱ ዞረው ያዩናል። «አመሰግናለሁ፣ ይቅር» ማለት ይበቃ ነበር። እኔ ግን ሰው ሲያየኝ አፌ ይቀድመኛል።

«ዴል» አልኩት «ሁለት ዓመት ስታንኮራፋ ሰምቻለሁ። አሁንስ ከሰው ጋር ልተኛ።»

ኤሊስ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። ሆመር ዳይ፣ ከጥቁሮቹ አራተኛችን፣ ሾርባው ትን አለው። ዴልም አብሮ ሳቀ፤ ጆሮዎቹ ግን በርበሬ መሰሉ። ትሪውን ይዞ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ሌላ ቦታ ሄዶ ተቀመጠ። ሩፈስ አልሳቀም። «እንደዚያ በል አላልኩህም» አለኝ ቀስ ብሎ፤ ዳቦውንም ገምሶ ሰጠኝ።

ሩፈስና እኔ የምንጫወተው አንድ ቦታ ነው። ቢሆንም ልምምድ ባለቀ ቁጥር ሌላው ገላውን ሲታጠብ እሱ ያስቀረኛል። ጀርባን ለቅርጫቱ ሰጥቶ መቆም፣ የሚጠብቅህን ሰው በዳሌህ መመዘን፣ በግራ ትከሻ መዋሸት፣ ከዚያ አንድ ትንፋሽ መጠበቅ፣ ከዚያ በቀኝ መዞር። በዚህች ዙረት አሥር ዓመት እንጀራ በልቶባታል።

«አትቸኩል» ይለኛል። «ውሸትህን ሰውየው እስኪያምን ጠብቀው። ቀኝ እግርህ ይቸኩላል።»

ኤሊስ አንድ ቀን ፎጣ ለብሶ ሲያልፍ፣ «ዲያቆን፣ ወንበርህን እየወለወልክ እያስረከብከው እኮ ነው» አለው።

«አራት ነን» አለ ሩፈስ። «አራት እስከሆንን ለእሱም ለእኔም ቦታ አለ። ከቡርት እንደሆነ በአንድ ጉልበቴም እሻላለሁ።»

ቡርት ረጅም ነጭ ነው፤ ኳስ ሲሰጡት ትኩስ ድንች የያዘ ይመስላል። እሱ ራሱም ይህን ስለሚያውቅ ሰውን ሁሉ ይቅርታ እየጠየቀ ነው የሚጫወተው።

ሩፈስ በዚያ ዓመት መጫወት የፈለገበትን ምክንያት የነገረኝ እግሮቹን በረዶው ውስጥ ነክሮ ነው። የመክፈቻው ጨዋታ ኬንታኪ ውስጥ በተወለደባት ከተማ ነበር የሚደረገው። እናቱ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ልጃቸው ሲጫወት አንድም ቀን አይተውት አያውቁም። የከተማው አዳራሽ ጥቁሮችን የሚያስቀምጠው ከላይ፣ ጣሪያው ሥር ነበር። እሳቸው ደግሞ፣ «ልጄን ከሰማይ ቤት ሆኜ አላይም፤ ገና አልሞትኩም» ብለው ምለዋል። በዚያ ዓመት በጋ ላይ አዳራሹ ለሁሉም እኩል ተከፈተ። ሩፈስ ከሦስተኛው ረድፍ ትኬት ያዘላቸው። እሳቸውም ባርኔጣ እየሰፉ መሆናቸውን ጻፉለት።

«ወይን ጠጅ ነው አለችኝ» አለ ሩፈስ። «ክንፉ ሰፊ ነው። ከኋላዋ የሚቀመጠው ሰው ምንም አያይም።» ስለ ጨዋታ ሲያወራ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። «አንድ ጨዋታ ነው የምፈልገው። ከዚያ በኋላ ቢቀንሱኝም ይቀንሱኝ።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሆመር ዳይ ለኳስ ዘለለና ሲወርድ ቡርት እግር ላይ አረፈ። ድምፁን ሁላችንም ሰማነው፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ይመስል ነበር። ቡርት ተንበርክኮ፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ይላል። ስታን ሆመርን ተሸክሞ ወጣ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሻንጣውም ወጣ። ሐኪሙ እስከ ፋሲካ አይረግጥም አለ።

እራት ላይ የሆመር ወንበር ባዶ ሆኖ ተቀመጥን። ኤሊስ ኦቾሎኒውን አላወጣም። ሦስታችንን በዓይኑ ቆጠረና፣ «ሦስት» አለ።

ሩፈስ ሥጋውን መቁረጡን አላቆመም።

«ሌላ ሰው ያመጡ ይሆናል» አልኩ እኔ።

«በሁለት ቀን? ከየት?» አለ ኤሊስ።

«ከሦስት ወደ አራት ከመውጣት ወደ ሁለት መውረድ ይቀላል» አለ ሩፈስ። «ብላ እንጂ ልጄ። ይቀዘቅዛል።»

ማን እንደሚወርድ የጠየቀ የለም። ኤሊስን አይነኩትም። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቶቼም ደህና ናቸው። ሦስታችንም ሥጋችንን ጨረስን። ሩፈስ የፖም ኬክ አምጥቶ ለሦስት ቆረጠው፤ ትልቁን ለእኔ አደረገው።

ነገሩ የገባኝ በማግስቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ጥርሴን ስቦርሽ ነው። ሩፈስና ኤሊስ አንድ ክፍል፣ እኔና ዴል አንድ ክፍል። ሦስተኛው ሰው የሚተኛበት አጣ የሚባል ነገር ቀረ ማለት ነው። ይህን ያህል ቀላል ነበር። አፌን እንኳ ሳልጉመጠመጥ ወጣሁ።

ዴል ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ጫማውን እያሰረ ነበር።

«ያልከኝ ነገር፣ እሁድ» አልኩት። «አብረን እንሁን። አሁን ለስታን እንንገረው።»

ማሰሪያውን ይዞ ቀና አለ። «ከሰው ጋር ልተኛ አላልክም?»

«ቀልድ ነበር።»

«እነሱ እንደ ቀልድ ሳቁ። አንተ ግን አልሳቅክም፤ እያየሁህ ነበር።» አንዱን ጫማ አሰረ። ሁለተኛውን ሳያስር፣ «ለሩፈስ ነው፣ አይደለም?» አለኝ።

«አዎ።»

«ለእኔ ብለህ አልመጣህም።»

ልዋሸው እችል ነበር። «ለአንተ ብዬ አይደለም» አልኩት።

የዴል ከተማ የእርሻ ከተማ ነው፤ አባቱ በየሳምንቱ ይጽፉለታል፤ ስለዚህ ነገር ምን እንደሚጽፉለት አላውቅም፤ እሱም አልነገረኝም። ከዚያ ሁለተኛውን ጫማ አሰረና ተነሳ። «ስታን አይደለም የሚወስነው» አለ። «ና፣ አሰልጣኙ ጋ እንሂድ።»

አሰልጣኝ ብራኒጋን ቢሮ ብለው የሰጧቸው የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ክፍል ነበር። ጉልበታቸው ላይ ወረቀት ዘርግተው ዳቦ በሽንኩርት ይበላሉ። ቆመን ነገርናቸው፤ መጀመሪያ እኔ፣ ቀጥሎ ዴል። እስክንጨርስ ድረስ አልጎረሱም።

«አልጋ» አሉ። «እኔን አልጋ ቸግሮኝ ያውቃል? ሁላችሁም አንድ መጋዘን ውስጥ ብትተኙ እኔ ግድ የለኝም።» ወረቀቱን አጣጠፉት። «ባለቤቱ ትናንት ደውሎልኝ ነበር። ሦስቱም ይቆዩልኝ አልኩት። 'ሦስተኛው የት ይተኛል?' አለኝ። ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ሌላ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። መልስ አልነበረኝም። እሺ አልኩት። ቡርት ፈረመ።»

«አሁን መልስ አለዎት» አለ ዴል።

«እሁድ መጥታችሁ ቢሆን፣ ድልድሉ እንደዚህ ነው፣ ልጆቹ ራሳቸው ተስማምተዋል፣ ነገሩ አልቋል ብዬ እነግረው ነበር። ሰውየው ያለቀ ነገር መበተን አይወድም። ዛሬ ሐሙስ ነው።»

«ይደውሉለት» አልኩ። «አንድ ጊዜ ብቻ ይደውሉለት።»

አሰልጣኙ ዓይን ዓይኔን አላዩም። «ብደውልለት ሌላ ጥያቄ ያገኛል፣ ልጄ» አሉ።

እውነታቸውን ይሁን፣ እኛን ለመሸኘት ያህል ያሉት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብዙ ሌሊት አገላብጬዋለሁ። እሁድ እሺ ብዬ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ያኔም ሌላ ጥያቄ ያገኝ ነበር እያልኩ እጽናናለሁ። ከዚያ ደግሞ «ያለቀ ነገር መበተን አይወድም» ያሉት ትዝ ይለኛል።

ሌሎቹን ጥያቄዎች ግን በኋላ አንድ በአንድ ሰምቻቸዋለሁ። ጨዋታውን የሚጀምሩት አምስቱም ጥቁር ከሆኑ ማን ያጨበጭባል? ብዙ ተባለ፤ በኋላ አምስቱም ጥቁር ሆኑ፤ ተጨበጨበ። ከአሥራ አንዱ ስምንቱ ጥቁር ከሆኑ ትኬት ማን ይገዛል? ያን ጊዜ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ወቅቱን የሚጨርሱ ሁለት ነጮች ይፈርሙ ነበር፤ እንደ ቡርት ይቅርታ የሚሉ፣ ምስኪኖች። ዛሬ የልጅ ልጄ ቴሌቪዥን ከፍታ ስታይ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ሜዳው በእኛ ልጆች ተሞልቷል። ከቤልግሬድና ከሉብሊያና የመጡ ነጭ ጎረምሶችም አሉ፤ ከሌጎስና ከዳካር የመጡም አሉ። ሰዎች ሬዲዮ ጣቢያ እየደወሉ፣ እዚህ አገር የተወለደው ስንት ነው እያሉ ይቆጥራሉ። የልጅ ልጄ ቻናሉን ትቀይረዋለች። እኔ ሳላውቀው ስቆጥር ራሴን እይዘዋለሁ።

ዓርብ ጠዋት ድልድሉ ተለጠፈ። ቁርስ ላይ ማንም ወደ ሻይ ማፍያው እንደሚሄድ ሳያስመስል ሁሉም ሻይ ፈለገ። እኔም ሄድኩ። የስታን እጅ ጽሑፍ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ክብና ንጹሕ ነው። ስሜ ከኤሊስ ስም ጋር ተጽፏል። ዴል ከሌላ ልጅ ጋር ነው። ወደ ታች ወረድኩ። ሩፈስ የለም። ሁለት ጥቁሮች፣ ዘጠኝ ነጮች።

ዘጠኝ። ጣቴን ወረቀቱ ላይ አድርጌ እንደገና ቆጠርኳቸው። ነጮቹ ጎዶሎ ናቸው። አራት ጥንድ ሆነው አንድ ይተርፋል። የተረፈው ቡርት ነው። በመጨረሻው መስመር ላይ፣ «ቡርት — ከስታን ጋር» ይላል።

ስታን ክፍል ውስጥ ሁለተኛ አልጋ ነበር። ሁልጊዜም ነበር። በየሆቴሉ ቁርጭምጭሚታቸውን ሲጠቀልልላቸው የሚቀመጡት እሱ ላይ እንደነበር የቆዩት ልጆች ነገሩኝ። አራት ሆነው ሲጓዙም ሰባቱ ነጮች ጎዶሎ ናቸው፤ ሰባተኛው የሚተኛው እዚያ ነበር። አሥር ዓመት ሩፈስ ጥንድ ሲቆጥር፣ ኤሊስ ስለ ኖኅ ሲቀልድ፣ እኔ ጥርሴን ስቦርሽ መላ አገኘሁ ስል፣ አሰልጣኙ መልስ አጣሁ ሲሉ፣ ያችን አልጋ ማናችንም አላሰብናትም። የነጭ ትርፍ መተኛ ናት፤ የእኛ ትርፍ ሊተኛባት ይችላል የሚል ነገር በማናችንም ጭንቅላት አልፎ አያውቅም።

ኤሊስ ከኋላዬ መጥቶ አነበበ። ሻይ ቀዳ። ስኳር ሳይጨምርበት ይዞት ሄደ።

ክፍላችን ስገባ ሩፈስ ሻንጣውን እየዘጋ ነበር። አልጋውን አንጥፎታል። ባልዲውን ደፍቶ መስኮቱ ሥር አድርቆታል። ምግብ ቤት አልወረደም፤ ዝርዝሩን አላየውም።

«አየኸው?» አለኝ።

«አየሁት።»

«ከኤሊስ ጋር ነህ?»

«አዎ።»

«ኦቾሎኒውን አልጋህ ላይ እንዳይበላ ንገረው። ካሁኑ ካልነገርከው አይሰማም።»

ትናንት እኔና ዴል አሰልጣኙ ጋ መሄዳችንን ነገርኩት። ያሉትንም፣ ስለ እሁድ የተናገሩትን ጨምሬ፣ ነገርኩት። ባልነገርኩት ኖሮ እያልኩ እቆጫለሁ። ሩፈስ የሻንጣውን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ተጫነ።

«የከለከልኩህ እኔ ነኝ» አለ።

«እንደዚያ ማለቴ አይደለም።»

«ጥሩ ምክር ነበር» አለ። «እኔን አሥር ዓመት አቆይቶኛል።»

ከደረት ኪሱ ፖስታ አወጣና ሰጠኝ። የሦስተኛው ረድፍ ትኬት ነው። «በር ላይ በእናቴ ስም አስቀምጥልኝ። ከቤቷ ሥር ያለው ሱቅ ስልክ አለው፤ ትናንት ደውዬ አነጋገርኳት። ጉልበቴን አሞኛል፣ አልጫወትም አልኳት። ያስተማርኩት ልጅ አለ፣ ሄደሽ እሱን እዪልኝ አልኳት። መጀመሪያ እንቢ አለች። በኋላ ባርኔጣው አልቋል አለችኝ።»

«እንደሚቀንሱህስ ነገርካቸው?»

«ጉልበቴን አሞኛል ነው ያልኳት።» ሻንጣውን አነሳ። ልቀበለው እጄን ስዘረጋ ወደ ሌላኛው እጁ አዛወረው። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። «ቀኝ እግርህ አሁንም ይቸኩላል» አለኝ።

አውቶቡስ ጣቢያው ሁለት መንገድ አልፎ ነው። በመስኮት አየሁት፤ ደረጃ ላይ ሲሆን ብቻ ነው የሚያነክሰው።

ቅዳሜ ኬንታኪ ውስጥ፣ የሩፈስ ከተማ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ለማሟሟቅ ስንወጣ ወዲያው አየኋቸው። ወይን ጠጁ ባርኔጣ ሩፈስ እንዳለው ክንፉ ሰፊ ነው፤ ከኋላቸው ያለው ሰውዬ ራሱን ወዲያና ወዲህ ያዘነብላል። በረድፉ ውስጥ ያሉት ጥቁር እሳቸው ብቻ ናቸው። የእጅ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሁለት እጅ ይዘውታል፤ ቤተ ክርስቲያን እንደተቀመጠ ሰው ቀጥ ብለዋል።

«እሳቸው ናቸው?» አለኝ ኤሊስ።

«አዎ።»

ኤሊስ ኳሱን ሁለት ጊዜ አነጠረ። ቀልድ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። ኳሱን አቀበለኝና ሄደ።

አሰልጣኙ ያስገቡኝ በጨዋታው ሁለተኛ ሩብ ነው። ለጥቂት ደቂቃዎች እግሬና እጄ የሌላ ሰው መሰሉኝ፤ አንድ ኳስ ከሜዳ አስወጣሁ፣ አንዱን ቀሙኝ። ከዚያ ዴል ኳስ ሰጠኝ። ጀርባዬን ለቅርጫቱ ሰጠሁ። የሚጠብቀኝን ሰው በዳሌዬ መዘንኩት። በግራ ትከሻዬ ዋሸሁ። ጠበቅኩ። ቀኝ እግሬ መሄድ ፈለገ፤ ያዝኩት፤ አንድ ትንፋሽ ጠበቅኩ። ሰውየው አመነኝ። ዞርኩና ኳሷን ልክ ሩፈስ እንደሚያደርጋት ሰሌዳው ላይ ቀስ አድርጌ አንጥሬ ቅርጫቱ ውስጥ አስገባኋት።

አዳራሹ አጨበጨበ። ዴል ሲያልፍ ጀርባዬን መታኝ። ወደ መከላከያ እየሮጥኩ ወደ ሦስተኛው ረድፍ አየሁ። የሩፈስ እናት አላጨበጨቡም። ዙረቷን አይተዋት ከሆነም ፊታቸው ላይ አልታየኝም። የሚያዩት ተቀያሪዎቹ የተቀመጡበትን ወንበር ነበር። ከጫፍ ጀምረው አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው፣ ዓይናቸውን እስከ ሌላው ጫፍ ወሰዱት፤ ቡርት ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩ። ጉልበቱን ያመመው ሰው ከጓደኞቹ ጋር ይቀመጣል እንጂ የት ይሄዳል? ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ኤሊስን። ከሁለታችን ሌላ ቡድናችን ውስጥ የሚያዩት ጥቁር አልነበረም።

ከእረፍት በኋላም ቦታቸው ላይ ነበሩ። በሦስተኛው ሩብ አጋማሽ ላይ ኤሊስ ኳስ ቀምቶ ብቻውን ወደ ወዲያኛው ቅርጫት ሄደ፤ ሕዝቡ ሁሉ ከመቀመጫው ተነስቶ ወደዚያ ዞረ። እኔ ከኋላ ቀርቼ ነበር። ወይን ጠጁ ባርኔጣ ተነሳ። እናቱ ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር አደረጉ፤ ፊታቸውን ወደ ሜዳው ያደረጉት ሰዎች ሳያዩዋቸው ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው አሳለፏቸው። ደረጃውን የብረቱን መደገፊያ ይዘው፣ በየደረጃው ሁለት እግራቸውን እያገናኙ ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ባርኔጣው እንዳይነካ ትንሽ ጎንበስ አሉ። ከኋላቸው የነበረው ሰውዬ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ራሱንም አቃና።